ዝም ያልኩበት ጨዋታ

ግርሜ፣

እንደምን አለህ ብዬ አልጠይቅህም፤ መልሱን ፓስተራችን ነግሮኛል። ደህና ነህ፣ አርፈሃል፣ ከእኛ ይልቅ ይሻልሃል። እኔ ግን አላረፍኩም። ከተለያየን ዓመት ከመንፈቅ አለፈ፣ አሁንም ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ስምህን እያነሳሁ አጉረመርማለሁ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ሌላው ባል ለሚስቱ ቤት ወይም መሬት ትቶላት ይሄዳል። አንተ ትተህልኝ የሄድከው ስታዲየም ውስጥ አንድ የሲሚንቶ ደረጃና በሄደበት ሁሉ የሚሸነፍ ቡድን ነው።

ቤቱ እንደነበረ ነው። አሁንም ናይሮቢ፣ ካሳራኒ፣ ያው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን። የኩሽናው ቧንቧ አንተ በሚቀጥለው ሳምንት እሠራዋለሁ እንዳልከው ያንጠባጥባል። የሳሎኑን መጋረጃ በአንድ በኩል ሰቅለህ በሌላው በኩል ምስማር አለቀብኝ ብለህ የተውከው፣ ዛሬም ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል። ሰው ላስጠራ እልና እጄ አልታዘዝ ይለኛል። ልጅህ ሊያ በቁመት በልጣኛለች። አማርኛዋ ግን ከዓመት ዓመት እያጠረ ነው፤ በእንግሊዝኛ ትቆጣኛለች፣ በስዋሂሊ ትስቃለች፣ ሲርባት ብቻ አማርኛ ትናገራለች። እኔ ጠዋት በማታቱ ታክሲ ወደ ዌስትላንድስ፣ ወደ ቢሮዬ እሄዳለሁ፤ ማታ የቲካ መንገድ መጨናነቅ ውስጥ ተቀምጬ እመለሳለሁ። ቢሮ ውስጥ ሰው ሁሉ እንዴት ነሽ ሲለኝ ደህና ነኝ እላለሁ፣ እነሱም ደስ ይላቸዋል።

አሁን ወደ ቡድንህ ልምጣ። ተቀምጠህ ስማ ልልህ ነበር፣ ግን መተኛትህ ትዝ አለኝ።

ቡድንህ ወረደ። ይህን ከሌላ ሰው ከምትሰማ ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው ዛሬ ወረቀት ያነሳሁት። ሲወርድ ግን በአንድ ቀን አልወረደም፤ ዓመቱን ሙሉ እያየነው፣ እያመመን ነው የወረደው። ያን የምትወደውን፣ መሐል ሜዳ ላይ ጨዋታ የሚያቀጣጥለውን አንጋፋ ካፒቴን የውጭ ቡድን ወሰደው። አሰልጣኙ የሚተካው ሰው ፈልጎ አጣ። ከዚያ ማንን ቢያስገባ ጥሩ ነው? ናሆምን። ያንተን ናሆም።

አዎ፣ ራሱን። ያ ኢስትሊ ከቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው አቧራማ ሜዳ ላይ የወጣቶች ቡድን ስታሠለጥን፣ ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ ከሁሉ ኋላ የሚሄደው ልጅ። አባቱ ይዞት ተሰዶ መጥቶ፣ አባቱ ሲሞት አጎቱ ጋሽ ተክሌ ከልብስ ሱቁ በላይ ባለች ቤት ያሳደገው። እናቱ ሐዋሳ ቀርታ በስልክ ብቻ የምታውቀው ልጅ። የመጀመሪያዋን ታኬታ የገዛህለት አንተ ነህ። ኳስ እግሩ ላይ ስትደርስ ዓለም ይጠፋበትና አንገቱን ደፍቶ ኳሷን ብቻ ያያል፤ አንተም ከሜዳው ዳር ሆነህ፣ "ቀና በል! ቀና በል እንጂ ልጄ!" እያልክ ድምፅህ እስኪዘጋ ትጮህበት ነበር። አድጎ ትልቅ ማሊያ ለበሰ፣ አንገቱ ግን እንደተደፋ ነው።

እኔ እንዴት ስታዲየም እንደገባሁ ሳትገረም አትቀርም። ኳስ እጠላ እንደነበር ታውቃለህ። ለቅሶው ካለፈ በኋላ ጎረቤታችን ባባ ጆይ፣ ያ አጠገብህ እየተቀመጠ አብሮህ ሲያለቅስ የከረመው ኬንያዊ፣ አንድ ቀን በሬን አንኳኳ። ብርቱካናማ ስካርፉን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ነበር። ማማ ሊያ፣ አለኝ፣ የእሱን ቦታ ሰው እንዳይቀመጥበት ጃኬቴን እያነጠፍኩ እየጠበቅሁት ነው፣ እስከ መቼ ልጠብቀው? ለማመስገን ብዬ አንድ ቅዳሜ ከሊያ ጋር ሄድኩ። ሄጄ ቀረሁ።

እንዴት ያለ ዓመት ነበር መሰለህ። ናሆም ኳስ ይቀበላል፣ አንገቱን ይደፋል፣ አንዱን ያልፋል፣ ሁለተኛውን ያልፋል፣ እኛም ሳንፈልግ ከመቀመጫችን እንነሳለን። ሦስተኛው ይነጥቀዋል። ከዚያ በሁለት ቅብብል ኳሷ ከበረኛችን ጀርባ ናት። በየሳምንቱ ይኸው ነው። አጥቂው በግራ በኩል ብቻውን ቆሞ ሁለት እጁን እያወዛወዘ ይለምነዋል፣ እሱ አያየውም። ቀና ቢል ያየዋል። አንድ ጊዜ ቢያየው ያልቅ ነበር። ከበሮ መቺዎቹ መጀመሪያ ዘፈን ቀነሱ፣ ከዚያ ከበሮውን ይዘው መጥተው መምታት ተዉ፣ በኋላ እላዩ ላይ መቀመጥ ጀመሩ። ባባ ጆይ ከየሽንፈቱ በኋላ ሁለተኛ እዚህ ብመጣ ብሎ በልጁ ይምላል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ስንሄድ ቀድሞን ቦታ ይዞ እናገኘዋለን። ሕዝቡ ናሆምን አውጡት እያለ ይጮሃል፣ አሰልጣኙም የሚያስገባው ስለሌለው ያልሰማ ይመስላል።

እኔም ጮህኩ። መጀመሪያ አፍሬ ነበር። አንድ ቀን ግን ከግማሽ ሜዳ አንገቱን ደፍቶ ኳሷን ይዞ ወደ ሦስት ሰው መሐል ሲገባ ሳየው፣ ሳላስበው ብድግ ብዬ፣ "ቀና በል! ቀና በል እንጂ!" ብዬ ጮህኩ። በዚያ ሁሉ ስዋሂሊ መሐል ብቸኛዋ አማርኛ እሷ ነበረች። ናሆም ዞር ብሎ ወደ እኛ ደረጃ ሲያይ አየሁት። ኳሷን ግን ያው ተነጠቀ። ከዚያ ወዲህ በየጨዋታው መጮህ ሥራዬ ሆነ። ሊያ ታፍርብኛለች፤ እማዬ ፕሊዝ እያለች ኮፍያዋን ወደ ዓይኗ ታወርዳለች። ናሆም ደግሞ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ እየሳቀ፣ አንቲ፣ ጆሮዬን አደነቆርሽው ይለኛል። እኔም ጆሮህን ተወውና አንገትህን አስተካክል እለዋለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልን ወራጅ ቀጠና ውስጥ ገባን፣ ገብተንም ተደላድለን ተቀመጥን።

አንድ ሐሙስ ቀን፣ ወቅቱ ሊያልቅ ጥቂት ጨዋታ ሲቀረው፣ ጋሽ ተክሌ ቢሮዬ መጣ። ጋሽ ተክሌ ሱቁን በሥራ ሰዓት ዘግቶ ዌስትላንድስ ድረስ አይመጣም። የእንግዳ መቀበያው ወንበር ላይ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ሳየው ልቤ ቀድሞ አወቀ። የናሆም እናት ሞታለች። ብዙም ሳትታመም፣ በሁለት ቀን ነገር። ወሬው ሲደርሰው ተቀብራለች። እዚያ ያለችው የናሆም እህት ናት ደውላ የነገረችው፤ ልጁ መርዶውን በወጉ እንዲሰማ ለእሱ እንዳትደውልም አስጠንቅቋታል።

ነገሩን ሁሉ ከነፓስተሩ ጨርሶ ነው የመጣው። መርዶው እሁድ ጠዋት፣ ጎህ ሲቀድ ይነገራል። ፓስተሩ አለ፣ ሁለት ሽማግሌዎች አሉ፣ እኔም፣ ልጁ ይወድሻልና ተብዬ፣ እኖራለሁ። እስከዚያ ሰው ትንፍሽ እንዳይል። ቅዳሜ ጨዋታ አለ፤ አሰልጣኙ ልጁን ጠርቶ ይህ የመጨረሻ ዕድልህ ነው፣ በዚህ ጨዋታ ካልታየህ ሌላ ቡድን ፈልግ ብሎታል። ወረቀቱ የስደተኛ ስለሆነ ድንበር ተሻግሮ መሄድ አይችል፣ ቢችልም ቀብሩ አልፏል። ታዲያ ሁለት ቀን ቢቆይ ምን ይጎዳዋል? ስልክህ ድምፁ አይሰማም፣ እናሠራልህ ብለው ወስደውበታል። የቤቱ ልጆችም ተመክረዋል።

ስልኩን ወስደውበታል ሲለኝ ቦርሳዬ ውስጥ የራሴን ስልክ ዳበስኩ። ይህን ብልሃት አውቀዋለሁና።

አንተ አታውቀውም፣ አልነበርክም። ለሥራ ሞምባሳ ሄደህ በዚያው የቀረህ ጊዜ፣ ወሬው ናይሮቢ የደረሰው በቀትር ነው አሉ። እኔ የሰማሁት በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ነው። በመካከሉ ያለውን ጊዜ ማንም አይመልስልኝም። ጓደኛህ ዳንኤልና ሚስቱ አመሻሹ ላይ መጡ። ካርድ አልቆብኛል፣ አንዴ ልደውልበት ብላ ስልኬን ወሰደችብኝ፣ ከዚያ ቦርሳዋ ውስጥ ቀረ። ሻይ አፈላሁላቸው። ያን ቀን ቡድንህ ተሸንፎ ነበርና፣ አሁን ከሞምባሳ ይመጣና ተኮሳትሮ እራት አልበላም ሊለኝ ነው፣ ባሌን አግብቼ ነው ወይስ ይህን ቡድን እያልኩ አማሁህ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ሸሚዝህን እየተኮስኩ፣ ግርሜ፣ የአንተን ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር የምስቀው። ፍቅር ነው ያደረጉት፣ አንድ ሌሊት ትተኛ ብለው ነው፣ አውቃለሁ። እንደዚያ ነው ወጉ፣ እናቶቻችንም እንደዚያ ነው የሰሙት። ግን ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ይህን ለጋሽ ተክሌ ነገርኩት። እናቱ ናት፣ ዛሬውኑ ይሰማ አልኩት። አልተቆጣኝም። ባርኔጣውን እያዞረ፣ ሐዘን የትም አይሄድም፣ እሁድም ይጠብቀዋል አለኝ። ልጁ ስንት ዓመት ለዚህ ማሊያ እንደለፋ ግርማ ያውቃል አለኝ። ያንተን ስም ሲያነሳብኝ አቅም አጣሁ። ደግሞ ደክሞኝ ነበር፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ከሰው ጋር መከራከር ራሱ ይደክመኝ ጀምሯል። እሺ አልኩት። በልቤ ግን አንድ ነገር ወሰንኩ። ቅዳሜ ስታዲየም እሄዳለሁ፣ በልጁ ላይ ግን አልጮህበትም። እናቱ ሞታ ሳያውቅ ሜዳ ላይ የሚሮጥ ልጅ ላይ በምን አፌ እጮሃለሁ? ቢያንስ ከእኔ በኩል ይረፍ አልኩ።

ቅዳሜ ደረሰ። ሜዳው ዝናብ ጠግቦ ነበር። ቦታህ ላይ ተቀመጥኩ፣ ስካርፍህን አፌ ድረስ ጠመጠምኩት። ገና እንደተጀመረ ናሆም ኳስ ተቀበለ፣ አንገቱን ደፋ፣ ተነጠቀ። ሕዝቡ አጉረመረመ። እሱ ግን ኳሷን ተከትሎ አልሮጠም፤ ቆሞ ወደ እኛ ደረጃ አየ። አጎቱን ፈልጎ ነው ብዬ አሰብኩ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ኳስ አገኘ፣ ፊት ለፊቱ ማንም ሳይኖር ለተጋጣሚ ሰጣት፣ እንደገና ወደ እኛ አየ። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ዝም። ሊያ ዘወር ብላ ምነው ዛሬ አትጮሂም አለችኝ። ጉሮሮዬን አሞኛል አልኳት። ባባ ጆይ ከኪሱ የሳል ከረሜላ አውጥቶ ሰጠኝ። ከረሜላውን እየመጠጥኩ እንባዬን ዋጥኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጨዋታ ለእሱ አልነበረም። መሐል ሜዳ ላይ ቆሞ ኳስ በግራው ታልፋለች፣ በቀኙ ታልፋለች፤ አንዱን ጎል ሲያስቆጥሩብን በአጠገቡ ነው ያለፉት። ከዕረፍት እንደተመለስን አሰልጣኙ ቀየረው። ማሊያውን በጥርሱ ይዞ ሲወጣ ስታዲየሙ በፉጨት ሸኘው። ከኋላችን አንድ ሰው ተነስቶ በስዋሂሊ፣ ሂድ፣ ወደ እናትህ ቤት ሂድ ብሎ ጮኸ። ዘወር አልኩ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጁን ትከሻው ላይ ያስቀመጠ፣ እንደ እኛው የተቃጠለ ደጋፊ ነው። ምን ልለው እችላለሁ? ስካርፍህን ዓይኔ ላይ ሳብኩት። ሁለት ለባዶ ተሸነፍን።

እሁድ ጎህ ሲቀድ ኢስትሊ ተገናኘን። ሱቆቹ ገና አልተከፈቱም፤ አንድ ማታቱ ብቻ ሞተሩን አስነስቶ ሰው ይጠብቃል። ጋሽ ተክሌ ሊወስደን ወደ ታች ወርዶ ነበር፤ ከፓስተሩና ከሽማግሌዎቹ ጋር ተከትለነው ድምፅ ሳናሰማ ደረጃውን ወጣን። እሱ ከቤት ሲወርድ ልጁ የተኛ መስሎት ነበር። በሩን ከፈተው። ሳሎኑ ውስጥ ያሉት ወንበሮች በሙሉ ወደ ግድግዳው ተጠግተው ተደርድረዋል። ፍራሾች ወለል ላይ ተዘርግተዋል። ናሆም ጥቁር ሹራብ ለብሶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ፍራሹ ላይ ተቀምጧል። ለቅሶ ቤቱን እሱ ራሱ አሰናድቶ ነው የጠበቀን።

አምስት ትልልቅ ሰዎች በር ላይ ቆመን ቀረን። ያ ኬንያ ያደገ ልጅ፣ የአገሩን ወግ አያውቅም እያልን የምናማው፣ ጋሽ ተክሌ መናገር እንዳቃተው ሲያይ ተነስቶ እጁን ይዞ አጠገቡ አስቀመጠው። ከዚያ ጠበቀው። ጋሽ ተክሌ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ሰው ሁሉ ሟች መሆኑን ተናግሮ፣ ዙሪያውን ዞሮ ዞሮ እናቱ ጋ እስኪደርስ ድረስ ልጁ አላቋረጠውም። ሲጨርስለት ነው ያለቀሰው። ሲያለቅስ ግን የአምስት ዓመት ልጅ ሆኖ፣ እማዬ እያለ ነው ያለቀሰው፤ ጥርት ባለ አማርኛ።

ማን ነገረው እያልን ሁላችንም እርስ በእርስ ተያየን። ጋሽ ተክሌ የቤቱን ልጆች አንድ በአንድ ጠየቀ፣ አልነገርንም አሉ። የልጁ እህትም አልደወለችም። እኔም ማን ነው ወሬ የማያስቀር እያልኩ በልቤ ሰው ሁሉ ላይ ፈረድኩ። ባባ ጆይ ሰምቶ በማግስቱ ሊያስተዛዝን መጣ። ፍራሽ ላይ መቀመጥ ጉልበቱን ቢያስቸግረውም እምቢ ብሎ ተቀመጠ፣ የስታዲየሙን ነገር አንድም ሳያነሳ ፖሌ፣ ፖሌ፣ አይዞህ እያለ የልጁን ጀርባ ሲያሻሽ ዋለ።

ለቅሶተኛው ሳሳ ባለ ቀን ለናሆም ሻይ ይዤለት አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሳልጠይቀው ነው የነገረኝ።

"አንቲ፣ እማዬን የማገኝበትን ፎኔን ሲወስዱት ዳውት አድርጌ ነበር፣ ግን ሹር አልነበርኩም። ፈርስት ኳሷን ሳበላሽ አንቺን ጠበቅኩሽ። ዝም አልሽ። ሁለተኛዋን ሆን ብዬ ነው ያበላሸሁት። እሷንም ዝም አልሽኝ። ያኔ እማዬ እንደሞተች አወቅኩ።"

ግርሜ፣ መርዶ ነጋሪዋ እኔ ነበርኩ። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ስልክ ተቀምቶ፣ ልጆች ተመክረው፣ እኔ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል በዝምታዬ ነገርኩት። እጠብቀዋለሁ ብዬ ብቻውን ሜዳ መሐል ላይ ጣልኩት። ያ ሁሉ ሰው ይጮህበታል፣ እሱ የሚያዳምጠው ግን ያልጮኸችውን ነው። ይቅር በለኝ ልለው ስል ቀደመኝ።

"ሁለተኛ ዝም እንዳትዪኝ። ፕሊዝ አንቲ። ስትጮሂብኝ ምንም እንዳልሆነ አውቃለሁ።"

ያን ቀን ከኢስትሊ ስመለስ ማታቱ ውስጥ ሬዲዮኑ እየጮኸ፣ ያቺ ሸሚዝህን የተኮስኩባት ምሽት እንደገና መጣችብኝ። ዳንኤል፣ ያ ባንተ ክፉ ሲወራ የማይወድ፣ ቡድኑን ባማሁ ቁጥር እየተነሳ የሚሟገተኝ ሰው፣ ያን ማታ አንድ ቃል አልመለሰልኝም ነበር። የሻይ ብርጭቆውን እያየ ሳቀ እንጂ አልተሟገተልህም። እኔም ያኔ አውቄ ነበር መሰለኝ። አውቄ ሸሚዙን ተኩሼ ጨረስኩት፣ ቁም ሣጥን ውስጥም ሰቀልኩት። ዛሬም እዚያው ነው።

አሰልጣኙ ነገሩን ሲሰማ አዘነ። ለቅሶው እስኪያልቅ ሳይጠሩት ቆይተው ለመጨረሻው ጨዋታ መለሱት። ካሸነፍን እንተርፋለን፣ አቻ ከወጣን እንወርዳለን። ስታዲየሙ ግማሹ ባዶ ነበር፤ ሰው ሐዘኑን ቤቱ ሆኖ ሊቀበል ፈልጎ ይመስለኛል። እነሱ ቀድመው አገቡብን። ናሆም ኳስ ተቀበለ፣ አንገቱን ደፋ። እኔም ተነሳሁ። ከዓመት ከመንፈቅ ወዲህ ያጠራቀምኩትን ሁሉ ይዤ ነው የጮህኩት። ሊያ ኮፍያዋን ወደ ዓይኗ ልታወርድ ነው ብዬ ሳያት፣ እሷም ተነስታ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ አብራኝ ትጮሃለች። ባባ ጆይ ምን ማለት እንደሆነ ሳይጠይቅ፣ "ኬና ቤል! ኬና ቤል!" እያለ ቀጠለ፣ ከኋላችን ያለው ያ ሰውዬም ከነልጁ ተቀበለው።

ቀና አለ፣ ግርሜ። ከመሐል ሜዳ ቀና አለና አጥቂውን አየው። ኳሷ ሣሩን እየታከከች ሄዳ እግሩ ላይ አረፈች፣ አገባት። ባባ ጆይ አቅፎኝ አጥንቴን ሊሰብረው ነበር። አንድ ለአንድ። ከዚያ በኋላ የቀረውን ጊዜ ምን ልንገርህ፤ ሁለት ጊዜ ብረቱን መታን፣ በረኛቸው እጁ የሰው ያልሆነ ይመስል ሁሉን ያዘው፣ ዳኛው ነፋ። ወረድን። ናሆም ሜዳው መሐል ላይ ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠ፣ ከዚያ ተነሳና ወደ እኛ ደረጃ እጁን አነሳ። ባባ ጆይ ሁለተኛ እዚህ ብመጣ ብሎ በልጁ ማለ።

በሚቀጥለው ዓመት የምንጫወተው አጥር በሌላቸው፣ አቧራ በሚነሳባቸው ሜዳዎች ነው። ደህና ደህናዎቹ ተጫዋቾች ሌላ ቡድን እየፈለጉ ነው። ናሆም ይቆያል፤ አሰልጣኙ አቆይቶታል። እኔም እሄዳለሁ፣ ሌላ ምን አማራጭ ትተህልኛል?

አሁን ያንተ ተራ ነው።

ከሄድክ ጀምሮ ሰው ሁሉ ሙት ወቃሽ አትሁኚ ይለኛል። እኔም ሰው ፊት ስላንተ ደግ ደጉን ብቻ ሳወራ ከረምኩ። እንዲህ የማወራለት ባል ግን እኔ የማላውቀው ሰው ሆነብኝ፤ መጋረጃ በሙሉ የሚሰቅል፣ የማይኮሳተር፣ እራቱን የሚበላ። አንተን እያጣሁህ ነበር። ስለዚህ እጮህብሃለሁ። ሞምባሳ ከመሄድህ በፊት የመጨረሻውን ጨዋታ አይተህ ስትመጣ፣ የቤታችንን ደረጃ ስትወጣ ደረትህን ይዘህ ቆመሃል። ምነው ስልህ ይህ ቡድን ይገድለኛል ብለህ ሳቅክ። ዳንኤል በኋላ ነገረኝ፤ ደረትህን ካመመህ ወራት አልፎ ነበር፣ ሐኪም ተመለስ ብሎሃል፣ ሰናይት እንዳትሰማ ብለኸዋል። ለምንድነው የደበቅከኝ? እኔ ሚስትህ ነኝ ወይስ መርዶ የሚጠበቅልኝ እንግዳ? ጎትቼ እወስድህ ነበር። እየተሳደብኩም ቢሆን፣ እያለቀስኩም ቢሆን፣ በዚያ መጨናነቅ ውስጥ ተሸክሜ እወስድህ ነበር። እንድተኛ ብለህ ዝም አልከኝ፣ ይኸው ከዚያ ወዲህ አልተኛሁም። ተናድጄብሃለሁ፣ ግርሜ። በጣም ነው የተናደድኩብህ።

ይኸው ተናገርኩት፣ ትንሽ ቀለል አለኝ።

መጋረጃውን ሊያና እኔ ነገ እንሰቅለዋለን። ቧንቧውን ባባ ጆይ አየዋለሁ ብሏል፣ እንዳንተው የሚቀጥለው ሳምንት እያለ ነው። ስካርፍህን አጥቤዋለሁ። ቡድንህ በተሸነፈ ቁጥር፣ ብዙ ቅዳሜ ማለት ነው፣ ቤት ገብቼ አንድ በአንድ እነግርሃለሁ፣ እወቅስሃለሁም። በጮህኩብህ ጊዜ ሁሉ አልረሳሁህም ማለት ነው፤ ዝም ያልኩህ ቀን ግን ያኔ ፍራ።

ሰናይትህ